ለዘሀራ፣ ስለ ጠባቧ ጀልባ

ጥር 14።

ጀልባዋን አላሰፋኋትም።

ዘሀራዬ፣ ካለፍሽ ወዲህ ሁለት ክረምት ገብቶ ወጣ። የጓሯችን ማንጎ ያላንቺ ሁለት ጊዜ ተለቀመ። ደብዳቤ የመጻፍ ልማድ የለኝም፤ ታውቂያለሽ። ለወንድምሽ በስልክ ሰላም የምለው እንኳ ባንቺ አፍ ነበር። ዛሬ ግን ከእኔ በቀር ማንም በትክክል የማይነግርሽ ነገር ስላለ ወንበርሽ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ውጭ መኪና ቆሟል። ቶሎ ልበል።

መጀመሪያ የቤቱን። ሐያት የስፌት ሱቅሽን አልዘጋችውም። ከወንበሩ ላይ ትራስሽን ብቻ ነው ያነሳችው፤ ልጃችን ካንቺ ስለምትረዝም አያስፈልጋትም። ደንበኞችሽ አልሸሹም። «እንደ እናትሽ አድርጊልኝ» የሚሏት አሉ። እሷም «እናቴን ተዋትና የት ለብሰሽው እንደምትሄጂ ንገሪኝ» ትላቸዋለች። አንደበቷ ያንቺ ነው። የባጃጆቹ ማቆሚያ ከበራችን ፊት ተነሥቷል፤ ጡሩምባው ቀረልን። የሥራ ቦታዬን ቆርቆሮ ለጀልባዋ ርዝመት ስል ወደ ግቢው አስረዘምኩት። የኒም ዛፏን አልቆረጥኳትም። ቆርቆሮውን ቀድጄ አሳለፍኳት። ዝናብ ሲመጣ በግንዷ ዙሪያ ይንጠባጠባል፤ እሱን ችዬዋለሁ። ሙቀቱ ያው ነው።

አሁን ወደ ጀልባዋ።

አጀማመሩን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን ከሥሩ ካልያዝኩት መጨረሻውን በደንብ አልነግርሽም። ወንድምሽ ሰይድ ከወሎ ደወለ። ከሐይቁ ማዶ ያሉትን ገበሬዎች በገበያ ቀን ወደ ከተማው የሚያሻግርባት የብረት ጀልባ አስቸግራው ነበር። ሰፊ ናት፣ ከባድ ናት፣ ናፍጣ ትጠጣለች። ከሁሉ የባሰው ከኋላዋ የምትተወው ማዕበል ነው። የአሣ አጥማጆቹን ታንኳ እየናጠ ውሃ ይሞላባቸዋል። የአንድ ሽማግሌ ታንኳ ተገልብጦ መረባቸው ከነአሣው ሰጠመ፤ እሳቸውን በክንዳቸው ጎትተው ነው ያወጧቸው። ከዚያ አጥማጆቹ ተሰብስበው ሰይድን «ሰው ስታሻግር ሰው ልትገድል ነው፤ ወይ ሌላ ጀልባ አምጣ ወይ ሌላ ሥራ ፈልግ» አሉት። እሱም ለእኔ፣ «አንተ ካሶኒ ትሠራ የለም እንዴ? ጀልባ ሥራልኝ» አለኝ።

ነደፍኩለት። በእኛ ሙያ ጠንካራ ማለት ወፍራም ማለት ነው፤ የማይገለበጥ ማለት ደግሞ ሰፊ። ዕድሜዬን በሙሉ ለአይሱዙ የጭነት ሳጥን ስገጥም የኖርኩ ሰው ሌላ ምን ላስብ? አራት ማዕዘን፣ ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ጥጉ ሁሉ በብረት የታሰረ። አንቺ መርፌውን በከንፈርሽ ይዘሽ ወረቀቱን አየሽውና፣ «ጎማው የት አለ?» አልሽኝ።

ከዚያ ያቺን የእንጨት ጀልባ ነገርሽኝ። ልጅ ሳለሽ በአባትሽ ታንኳ ውስጥ ሆነሽ አንድ ጊዜ ብቻ ያየሻትን። የማን እንደነበረች አታውቂም። ቀጭን፣ ረጅም፣ አፍንጫዋ ቀጥ ያለ፣ ሞተሯ ከሆዷ ውስጥ ረጋ ብሎ የሚመታ። በአጠገባችሁ አለፈች፤ ታንኳችሁ ግን አልተናጠችም። «ከኋላዋ የቀረው ውሃ የተተኮሰ ጨርቅ ይመስል ነበር» አልሽኝ። ወንድምሽ በዚያ ቀን አብሯችሁ ነበር፤ ግን ሕፃን ስለነበር አባትሽ እግር ሥር ተኝቶ አላያትም። ካደገ በኋላም አላመነሽም። «ሞተር ያላት ጀልባ ማዕበል ሳትተው አታልፍም፤ ሕልም አይተሽ ነው» ይልሽ ነበር።

እኔም ጠባብነቷን ፈራሁ። አንቺ ግን፣ «ሰፊ ነገር ውሃውን ይገፋዋል፤ ጠባብ ነገር ይቀደዋል። መዶሻና መቀስ አንድ ናቸው?» አልሽኝ።

የማካሮኒ ካርቶን ዘርግተሽ በጠመኔሽ መስመር ስታሰምሪ አጠገብሽ ቆሜያለሁ። ሁለት ለጎን፣ ሁለት ለሆድ፤ አራት ቁራጭ ብቻ። ጠርዛቸው ሁሉ ጎበጥ ያለ። «ጨርቅ ጠፍጣፋ ነው፤ ትከሻ ጠፍጣፋ አይደለም። ሁለቱን የሚያስታርቃቸው ስፌት ነው» አልሽ። ከዚያ ጠርዝ ለጠርዝ በክር ስትሰፊው ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ የነበረው ካርቶን ብድግ አለ። አፍንጫ አወጣ። ሆድ አወጣ። በሰው ሙያ የምቀና ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ቀናሁ።

ሰም አቅልጠን ቀባናትና ወደ መስኖው ቦይ ይዘናት ወረድን። ውሃው ላይ ስናስቀምጣት ወዲያው በጎኗ ተኛች። እኔ ደስ አለኝ መሰለኝ። «ይኸው፤ ሰፋ ማድረግ ነው» አልኩ። አንቺ ከቦርሳሽ ትልቁን መቀስሽን አወጣሽና ወለሏ ላይ በቁመቱ አጋደምሽው። ቀጥ አለች። በጣትሽ ገፋ አደረግሻት፤ ዘንበል ብላ ተመለሰች። ደግመሽ ገፋሻት፤ ተመለሰች። «ቀሚስም እንዲህ ነው። ጠርዙ ከከበደ ንፋስ አያነሣውም» አልሽኝ። መቀሱ ያን ጊዜ በነካው ውሃ ትንሽ ዝጓል። ሐያት በአሸዋ ወረቀት ብታሸውም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

ትልቋን በዚያው ልክ ጀመርን። ርዝመቷ ሰባት ሜትር፤ ወገቧ፣ ሰፊ የሚባለው ቦታዋ፣ ሜትር ከሩብ። አጥንቷ ዋንዛ፣ ቆዳዋ ቀጭን ኮምፔንሳቶ። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ኮምፔንሳቶው ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደተማረርሽ አስታውሳለሁ። ከተቃጠሉ ሞተሮች የመዳብ ሽቦ ፈታሁልሽና ጣውላውን እንደ ቀሚስ ሰፋሽው። ከመሐል ጀምረሽ ወደ ሁለቱ ጫፍ፤ ከጫፍ ከተጀመረ ይሸሻል ብለሽ። ሰፈርተኛው በአጥር ላይ አንገቱን እያሰገገ «ዘሀራ ለእንጨት ቀሚስ ሰፋችለት» ይል ነበር።

የግራውን ጎን ጨርሰሽ ታመምሽ። ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ መቃብር። እሱን ላንቺ መንገር አያስፈልገኝም።

ከዚያ በኋላ ጀልባዋ ከቆርቆሮው ሥር ቆየች። ዶሮ ዕንቁላል ጣለችባት። ሐያት ዕንቁላሉን እየለቀመች አንድ ቀን፣ «አባ፣ ወይ ጨርሳት ወይ የዶሮ ቤት ናት በለኝና በር ልሥራላት» አለችኝ። በማግሥቱ መዳቡን አንሥቼ ቀኙን ጎን ሰፋሁ። ከመሐል ጀምሬ። ስፌቱን በፋይበርና በሙጫ ሸፈንኩት፤ አሁን የማን እጅ የት እንደነካ ማንም አይለይም። እኔ እለያለሁ። ያንቺ እኩል እኩል ነው።

ቀለም ከመቀባቷ በፊት አራት ሰው ሆነን አነሣናት። ቀላል ናት። የሰይድን የብረት ጀልባ ከውሃ ለማውጣት ግን ትራክተር ይለምናሉ አሉ። ከተማው መቼም አፉን አይዘጋም። «ይህ የግመል የሬሳ ሣጥን ነው?» ያለኝ አለ። «ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጀልባ የሚሠራ ሰው ጎርፍ እንደሚመጣ ከማን ሰማ?» ያለም አለ። አልተከፋሁም። ለሚስቁ ሰዎች ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው፤ ግማሾቹ አልሰሙኝም፤ ግማሾቹ ማገዝ ጀመሩ።

ሞተሩን የገጠመልን ማሙሽ ነው። የገበሬዎቹን የውሃ መሳቢያ የሚጠግነው፣ ሱሪውን ስትጠቅሚለት ቆሞ የሚጠብቅሽ ማሙሽ። ከሽንኩርት ማሳ የወጣ፣ ገና ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር አገኘልኝ። ወንዝ ዳር ውሃ ሲስብ የኖረ ሞተር ነው፤ ፕሮፔለር ለማዞር አያንሰውም። አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ ትስቂያለሽ። አገራችንን ታውቂያለሽ። እዚህ ሞተር መሬት አይነካም። የሮቢ ወንዝ ደጋ ላይ የዘነበውን ይዞ በድንገት ስለሚወርድ፣ ገበሬው ሁሉ ሞተሩን ድንጋይ ክቦ ከፍ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። ከፍ ያላደረገ ሰው ሞተሩን ካራቆሬ ድረስ ሄዶ ቢፈልግም አያገኘውም ይባላል፤ ወንዙ ወደዚያ ባይሄድም። ስለዚህ ማሙሽ ጀልባዋ መሐል ወገብ የሚደርስ የእንጨት መደብ ሠራ፤ ሞተሩን እላዩ ላይ አሰረ፤ ከዚያ በቺንጋ፣ በላስቲክ ቀበቶው፣ ታች ካለው የፕሮፔለር ዘንግ ጋር አገናኘው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ብሎን አቀብለው ነበር። ሁለታችንም ያየነው ደንበኛ ሥራ ነው። ከተማው ሁሉ መጥቶ አየ፤ አንድ ሰው እንኳ «ለምን ከፍ አለ?» አላለም።

ሰይድ መጣ። ጀልባዋን ዞሮ ዞሮ አያት፤ በእጁ አንኳኳት። «ቀጠነችብኝ» አለ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ በያጅ አዲስ የብረት ጀልባ ሊሠራለት ተስማምቷል፤ ሰይድ የመጨረሻ ቃሉን ሳይሰጥ የቆየው ለእኔ ሲል ነበር። አጥማጆቹ ታግሠው ታግሠው ሰልችቷቸዋል። ይህቺ ካልሆነች የብረቱን አሠርቶ ከአጥማጆቹ ርቆ በዙሪያ ይሄዳል። በዙሪያ መሄድ ማለት እጥፍ ናፍጣ ነው፤ እጥፍ ናፍጣ ማለት ሥራው አለቀ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ተረጋግቶ ነገረኝ። እኔም «በውሃ እንያት» አልኩት።

ውሃ እዚህ የት አለ? አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ የመስኖው ማጠራቀሚያ ኩሬ። የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባታችን አሁንም ሐጂ ኡስማን ናቸው። ዘንጋቸው ያው፣ ቁጣቸው ያው። ሄጄ ስነግራቸው ጢማቸውን አሻሹና፣ «ኩሬው እስከ አስር ሰላት ሙሉ ነው። አስር ሲሆን በሩ ይከፈታል። ጀልባህ ብትንሳፈፍም ባትንሳፈፍም ይከፈታል። የሰው ተራ ነው» አሉኝ። አመሰገንኩ።

ሰው ወጣ። ሽንኩርት የሚለቅሙት ሳይቀሩ ማሳቸውን ትተው መጡ። ሰይድ መሪውን ያዘ፤ ማሙሽ ሞተሩን አስነሣ። በገመድ ይዘናት ስለነበር ብዙም አልሄደች። ትንሽ ወጣ እንዳለች ሰይድ ልታጠፍ አለ፤ ሞተሩ ከነመደቡ ወደ ጎን ጎተታት፤ በጎኗ ተኛች። ልክ እንደ ካርቶኗ። ሁለቱም ውሃ ውስጥ ገቡ። ሰይድ የሐይቅ ልጅ ስለሆነ ዋኝቶ ወጣ። ማሙሽ ግን «ያ ረቢ፣ ሞትኩ!» እያለ ይንፈራገጣል። ሐጂ ኡስማን ከዳር ሆነው፣ «ማሙሽ! ቁም እንጂ አንተ! ውሃው ደረትህ ነው!» አሉት። ቆመ። ደረቱ ነበር። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ አልዋሽሽም።

ገመዱ ስለያዛት ሙሉ በሙሉ አልተገለበጠችም፤ ሞተሩም ውሃ አልጠጣም። ግን አስር ደረሰ። ሐጂ በሩን ከፈቱ። ውሃው ወደ ሽንኩርቱ ሄደ፤ ጀልባዋ ጭቃ ላይ ቀረች። ተሸክመን መለስናት።

ሰይድ ልብሱን ቀይሮ ሻይ ሲጠጣ ተናገረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አንቺው ነሽ ያሳደግሽው። «እህቴ ያለችው እንዲሆን እኔም ወድጄ ነበር። ግን ሕፃን የታዘለች እናት ነው የማሻግረው። ሁለት ስንዝር አስፋት። አስፋትና እወስዳታለሁ። አለዚያ ነገ ኮምቦልቻ እደውላለሁ» አለ። ማሙሽም ደገፈው፤ ሐቁን ለመናገር ተናዶ ነበር። መጋዙን ራሱ አመጣው። ማስፋት ማለት ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ መሐል ለመሐል መሰንጠቅ ነው። ስፌቱን መተርተር ነው። ግራውንም፣ ቀኙንም።

ሰይድ ትክክል ነበር፤ ሰው የማይሸከም ጀልባ ጀልባ አይደለም። ስለዚህ የት ላይ እንደምቆርጥ ልለካ ሜትር ፍለጋ ወደ ሱቅሽ ገባሁ።

ሐያት ሐር የመሰለ ስስ ጨርቅ ዘርግታ ልትቆርጥ ነው። ቬንቲሌተሩ ይነፋል፤ ጨርቁ ይነሣል። እሷ ቬንቲሌተሩን አታጠፋም፤ ሙቀቱን ታውቂዋለሽ። መቀስሽን አነሣችና የጨርቁ ግርጌ ላይ አጋደመችው። ጨርቁ ተኛ። ቀና ብላ «ምን ፈለግህ አባ?» አለችኝ።

«ሜትር ነበር። ተይው፤ አልፈልግም» አልኳት።

ወጣሁና፣ «ማሙሽ፣ መጋዙን አስቀምጥ። መፍቻ አምጣ» አልኩት።

«ለምን?»

«ሞተሩን እናወርደዋለን። ወለሉ ላይ። ከዘንጉ ጋር ቀጥታ ይገጥማል፤ ቺንጋም አያስፈልገውም።»

ማሙሽ እንደ እብድ አየኝ። «ጋሼ፣ ሞተር መሬት ላይ? ጎርፍ ቢመጣስ?»

«ጀልባ ውስጥ ጎርፍ ከመጣ፣ ሞተሩ ከፍ ብሎ ምን ይሠራል?»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ በራሱ ላይ ሳቀ። መደቡን እሱው በመዶሻ አፈረሰው። ሞተሩን ሁለት የዋንዛ ግንድ ላይ፣ ሆዷ ውስጥ፣ መሐሏ ላይ አስተኛነው። የተሳፋሪውንም መቀመጫ ወደ ታች አወረድኩት። ሰው እግሩን ዘርግቶ ጎኗን ተደግፎ ይቀመጣል፤ ቁመቱ ለጠጅ ቤት አግዳሚ አይሆንም፤ ለጀልባ ይሆናል። ሰይድ ደጋግሞ ስልኩን ያያል፤ ግን ኮምቦልቻ አልደወለም።

የቀረው ውሃ ነበር። በማግሥቱ ማለዳ፣ ኩሬው ሌሊቱን ሞልቶ፣ ሐጂ ኡስማን ዘንድ ስሄድ ገና ሳልናገር ራሳቸውን ነቀነቁ። «የትናንቱ ያንተ ነበር። የዛሬው ኩሬ የአበበች ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ነው ተራዋ። ውሃው የእኔ አይደለም። እሷን ጠይቃት።»

እትዬ አበበችን ማሳቸው ዳር አገኘኋቸው። አንቺ የሰፋሽላቸውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው ነበር፤ ክርኑ ላይ ሳስቷል። ሽንኩርታቸው ጥም ላይ ነው፤ ቅጠሉ ጫፉ ቢጫ ማለት ጀምሯል። እዚህ አገር ሰው የውሃ ተራውን ለወንድሙም እንደማይሰጥ አውቃለሁ። ለምኜም አላውቅም። «እትዬ፣ በሩ ሳይከፈት አንድ ሰዓት ይጠብቁኝ» አልኳቸው።

«ለዚያ ትናንት ሰው ለደፋው ሣንዱቅ?»

«ለእሱ።»

«ለመሆኑ የማን ነው እሱ?»

«የዘሀራ ነው። ልኩን ያወጣችው እሷ ናት።»

ክርናቸውን አሻሹ። «የዘሀራ ከሆነ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እሷ ልክ ስትወስድ ተሳስታ አታውቅም። ሽንኩርት በአንድ ሰዓት ጥም አይሞትም። ከሞተ ግን አንተን ነው ማሳው ላይ የምተክልህ» አሉኝ። ከዚያ ለሐጂ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ሐጂም በሩ ላይ ተቀመጡበት፤ ማንም እንዳይነካው።

ዘሀራዬ፣ ቆመች።

መጀመሪያ ሰይድ ብቻውን ገባባት፤ ሆን ብሎ ጎኗ ላይ ቆመ። ዘንበል አለች፤ ተመለሰች። ማሙሽ ሲገባ ቢስሚላህ ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ከዚያ ሌሎች ገቡ፤ ትናንት ሲስቁ የነበሩት፣ እየተጋፉ። ሰይድ አፍንጫዋን ወደ ኩሬው ማዶ አዙሮ ናፍጣውን ሰጣት። ሞተሩ ከሆዷ ውስጥ ነው የሚመታው፤ እግርሽ ሥር ትሰሚዋለሽ። ሄደች። መሪውን አዞረ፤ ታጠፈች። ሰይድ ፊቱ አልተፈታም። የሚፈልገው ሌላ ነገር እንደነበር ገባኝ።

ወደ ዳር መጣና፣ «ሳፋ ስጡኝ» አለ። እትዬ አበበች ልብስ የሚያጥቡበትን ሳፋ አመጡ። «ካሰጠማችሁት በአዲስ ትተኩልኛላችሁ፤ ይህን ሁሉ ሰው ምስክር አድርጌያለሁ» አሉ። ሰይድ ድንጋይ ከተበትና የሳፋው ጠርዝ ውሃውን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ዝቅ አደረገው። ልክ አሣ የጫነ ታንኳ አስመሰለው። ኩሬው መሐል ላይ ተወው። ከዚያ ርቆ ሄዶ ተመለሰ፤ ናፍጣውን ሳይቀንስ፤ በሳፋው አጠገብ፣ እጅ ቢዘረጋ በሚደርስበት ቦታ አለፈ።

ሳፋው ነቅነቅ አለ። ውሃ አልገባበትም።

ከኋላዋ የቀረውን ውሃ እኔ ከዳር ሆኜ አየሁት። ሰይድ ከላይ ሆኖ ዞሮ አየው። ሞተሩን አጠፋው፤ ጀልባዋ በራሷ እየተንሸራተተች ዳር ደረሰች። ወረደ፤ አጠገቤ ቆመ። ሲናገር እኔን አላየኝም። «ታንኳው ውስጥ ተኝቼ ነበር። ይኸው አሁን አየኋት» አለ።

ከዚያ ሐጂ ኡስማን «ተራ!» ብለው ጮኹ። በሩ ተከፈተ። ውሃው ወደ እትዬ አበበች ሽንኩርት ሄደ። እሳቸው ሳፋቸውን ይዘው ከውሃው ኋላ ተከተሉ፤ ዞር ብለውም አላዩንም።

ይኸው ነው። የኮምቦልቻው በያጅ ሌላ ደንበኛ ይፈልግ።

ነጭ ቀባናት፤ ጠርዟ ላይ ብቻ ዋንዛው እንዲታይ በዘይት ተውነው። የመኪና ቀለም ቀቢው መጥቶ «ምን ልጻፍባት? ‹ቀስ በቀስ› ልበል? ‹ምቀኛ አታሳጣኝ› ልበል?» አለኝ። ምንም አትጻፍ አልኩት። ሰይድ ስምሽን ፈልጎ ነበር። ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ እንደምትጠዪ ነገርኩት፤ ተወው። ሐያት ግን ለፀሐይ የሚሆን መጋረጃ ሰፋችላት፤ ሲሄዱ ንፋስ እንዳያነሣው ጠርዙ ውስጥ የብረት ሰንሰለት አስገብታበታለች። ማን እንደነገራት አልጠየቅኳትም።

ዛሬ አይሱዙ ላይ ጭነናታል። ጭራዋ ከካሶኒው ወጥቷል፤ ቀይ ጨርቅ አስረንበታል። ሰይድ ከፊት ተቀምጧል። እኔም አብሬ እሄዳለሁ፤ ውሃው ላይ ከወረደች በኋላ እመለሳለሁ። የሐይቅን ውሃ አብረን እናየዋለን ብለሽኝ ሳንሄድ ነው የቀረነው። አሁን አንዳችን ይሄዳል።

ለሰይድ አንድ ነገር እነግረዋለሁ፤ እንዳይረሳም ደጋግሜ እነግረዋለሁ። የሽማግሌው ታንኳ አጠገብ ሲደርስ ከድሮ ልማዱ የተነሣ እጁ ናፍጣውን ሊቀንስ ይሄዳል። አይቀንስ። አያስፈልገውም። አንቺን የማስታውሰው በዚህ ነው፤ ጁምዓ ጁምዓ ከማደርግልሽ ዱዓ በተጨማሪ። ሌላ ጀልባ ካዘዙኝም፣ ለማንም ይሁን፣ ከመሐል ጀምሬ ነው የምሰፋው። «ለምን ከጫፍ አይሆንም?» ለሚለኝ ሁሉ ስምሽን እጠራለታለሁ።

የገባሁት መቀስሽን ልወስድ ነበር። የጭነቱ ገመድ ረዝሞ ጎማው ላይ ስለተንጠለጠለ ይቆረጣል። ሐያት «ገመድ አይቆረጥበትም፣ ይደነዝዛል» ብላ ተቆጥታለች። ለዛሬ ብቻ ብያታለሁ። ሾፌሩ ጡሩምባ መንፋት ጀምሯል፤ ማሙሽም በስሜ ይጣራል። መቀሱን ይዤዋለሁ። ልውጣ።